ወንድሜ ዋሽቶኝ ነበር?

የዛሬው ጨዋታዬ የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ የፊልም ጉዳይ ነው። «ፊልም ደግሞ ወንድምና እህትን ያኮራርፋል እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እኛን አኮራርፎናል!

ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ሰፈራችን አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ጭቃ ቤት፣ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ፣ አግዳሚ የተደረደረባት፣ መግቢያዋ ሃምሳ ሳንቲም። ሴት ልጅ እዚያ ገባች ከተባለ አለቀላት! እና እኔ የአስር ዓመቷ ልጅ ፊልም የማየው በወንድሜ ዓይን ነበር። እሱ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። አይቶ እስኪመጣ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ እራት እስኪደርስ ይተርክልኛል፤ ጥይቱን በአፉ እየተኮሰ፣ አንዴ አክተሩን አንዴ ባላንጣውን እየሆነ። እንግሊዝኛውን እንደሆነ እሱም አይሰማ። ምን ቸገረው፣ ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል!

አንድ ቀን «አርኖልድ መጣ» ተባለ። ፊልሙ «ቶታል ሪኮል» ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1990 ስለሆነ እኛ ዘንድ ሲደርስ አርጅቷል፤ ግን አርኖልድ መቼ ያረጃል! ያን ዕለት ማታ ወንድሜ እንዲህ ብሎ ነገረኝ። አርኖልድ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ድንጋይ ይሰብራል። ማርስ መሄድ አምሮታል። ሳይሄዱ የሄዱ የሚመስል ትዝታ ጭንቅላት ውስጥ የሚከት ድርጅት አለ። ገንዘቡን ከፈለ፤ ወንበር ላይ አስቀምጠው መርፌ ወጉት።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ እዚያው ቀረ። አልተነሳም።»

አርኖልድ! ወንበር ላይ! አለቀስኩላችሁ።

በማግስቱ ማታ ያዩት ጓደኞቹ አርኖልድ ማርስ ላይ ስንቱን እንደረፈረፈ ሲያወሩ ወንድሜ ፍንክች አላለም። «እሱ ህልሙ ነው፤ ሰውየው አሁንም ወንበሩ ላይ ነው» አላቸው።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ፊልሙን ጎረቤት ቤት በዲቪዲ አየሁት። አርኖልድ ከወንበሩ ተነስቶ ማርስ ሄደ፣ ተታኮሰ፣ አሸነፈ። የማርስ ሰማይ ሰማያዊ ሆነ፣ ቆንጅዬዋን ሳማት፣ አለቀ። በንዴት ወጣሁና ጓደኞቹ ፊት «ውሸታም! ለምንድን ነው ያስለቀስከኝ?» አልኩት። እነሱ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ዮሴፍ ህልም ፈቺው» ሆኖ ቀረ። እሱም ለእኔ ፊልም መተረኩን ተወ። ኋላ በርበሬ ሊነግድ ቡሬ ገባ፣ እኔ አዲስ አበባ መጣሁ። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰሽ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን»... በቃ፣ ይኸው ነው።

ታዲያላችሁ ሰሞኑን አንድ የምቀርበው ልጅ ሻይ እየጠጣን «ያ የአርኖልድ ፊልም እኮ ህልም ነው የሚሉ አሉ» አይለኝም! ስኒው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ነገሩን ቆፈርኩት። ለካስ ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲከራከርበት ኖሯል! የህልም ወገኖች ማስረጃ ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ትዝታ ሻጩ ሰውዬ ገና ሳይጀመር ለአርኖልድ ሴቷን እንደሚያገኝ፣ ክፉዎቹን እንደሚገድልና ፕላኔቷን እንደሚያድን ቃል ይገባለታል። የሆነውም ልክ ይኸው ነው። ደግሞ መርፌው ከመሥራቱ በፊት ባለሙያው ማርስ ላይ ሰማያዊ ሰማይ ስላለበት ፕሮግራም ያወራል፤ የዚያችም ሴት መልክ በስክሪን ይታያል። እነዚህን እኔ ራሴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ እየመለስኩ አይቻቸዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሲሳሳሙ ደግሞ ምስሉ እየነጣ ነው የሚጠፋው። ሌላው ፊልም እኮ የሚጠቁረው ነው!

ተቃዋሚዎቹም ዝም አይሉም። «ህልም ከሆነ አርኖልድ በሌለበት ባላንጣዎቹ ብቻቸውን ሲዶልቱ እንዴት አየናቸው? ያችን ሴትስ ድርጅቱን ሳይረግጥ ገና ፊልሙ ሲጀምር በህልሙ አላያትም?» ይላሉ። ይቺ የመጀመሪያዋ ጥያቄ እኔንም ታስቸግረኛለች። ዳይሬክተሩ ፖል ቨርሆቨን እንደሆነ ሆን ብሎ ሁለቱም እንዲያስኬድ አድርጎ መሥራቱን ተናግሯል። መነሻው የፊሊፕ ኬ. ዲክ አጭር ልቦለድ ነው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣ። እዚያ ላይ ታሪኩ ሁሉ የሚካሄደው እዚሁ ምድር ላይ ነው!

እናላችሁ የአስራ አራት ዓመት የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ እንግሊዝኛ ሳይሰማ፣ ይህን እንዴት ደረሰበት? ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ ጠዋት ቡሬ ደወልኩ።

«ወንድምዓለም፣ ያኔ ያ ፊልም ህልም መሆኑን በምን አወቅህ?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «መብራት ጠፋ» አለኝ።

«ምን?»

«ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ሲል መብራት ጠፋ። ሃምሳ ሳንቲሜን መልሱ ብል ማን ሰምቶኝ! ቤት ስመጣ አንቺ በር ላይ ተቀምጠሻል። መብራት ጠፋ ልበልሽ? በማግስቱ እነሱ ሲያወሩት ደግሞ እንዴት ልመለስ? ህልም ነው አልኩ።»

ጉድ እኮ ነው! እኔ ያኔ ውሸታም ያልኩት፣ በር ላይ የጠበቀችውን እህቱን ባዶ እጁን እንዳይገባባት ብሎ ነው። ከፍቅረኛችሁ ጋር የተኮራረፋችሁ ካላችሁ ይቺን ልብ በሉልኝ፤ እኔማ ስንት ዓመት ፈጀብኝ።

«ይቅርታ» አልኩት።

«የምን ይቅርታ? ለመሆኑ ፊልሙን አላየሁትም እኮ፣ ከዚያ ወዲያ አስጠላኝ። ህልም ነው የሚሉት በምንድን ነው?»

ነገርኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ተራኪ፣ እሱ ሰሚ። ማርስ ላይ ሆቴል ውስጥ አንድ ዶክተር መጥቶ «አንተ አሁንም ወንበሩ ላይ ነህ፤ ይህቺን ቀይ ክኒን ዋጥና ንቃ» እንደሚለው ስነግረው ትንፋሹን ዋጠ።

«ዋጣት?»

«አፉ ውስጥ ከተታት። ግን የዶክተሩ ፊት ላይ የላብ ጠብታ አየ። ህልም ከሆነ ምን ያስፈራዋል ብሎ በጥይት መታው፤ ክኒኗን ተፋት።»

«እህትዓለም፣ ሞኝ ነው!» አለኝ ወንድሜ። «ይልቅ ዶክተሩን ከመግደሉ በፊት...» ብሎ ጀመረ፤ የበርበሬ ደንበኞቹ እየጠሩት ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልለቀቀኝም።