ማን ታመመ?

ሾኔ ካለው ቤታችን ጀርባ፣ ከእንሰቱ ማዶ፣ ባዶ ቦታ አለ። አንድ ሰው ለዓመታት የመኪና ባትሪ ሲጠግንበት ኖሮ ሄደ፤ የጠቆረው አፈር ግን ቀረ። የሠፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው። የአምስት ዓመት የልጅ ልጄም በዚያው አፈር ዳቦ ትጋግራለች። ባለቤቴ ቆጮ የምትቀብርበት ጉድጓድ ደግሞ ከአጥሩ ሃያ እርምጃ አይርቅም።

ነገሩን ያነሳችው የጤና ባለሙያዋ ልጄ ናት። ለያሆዴ መጥታ ቦታውን አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄ እኮ እርሳስ ነው" አለችኝ። የምንጽፍበት መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። የባትሪ እርሳስ ብረት ስለሆነ በስብሶ አይጠፋም። ልጆች የአፈር እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ የዋጡትንም ሰውነታቸው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ አድርጎ ይመጥጠዋል። አእምሯቸውን ይነካል፣ ትምህርት ይከብዳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የሌለው የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። ሰላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ "ሰነፍ" ብዬ የቀጣኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

አፈሩን ዝቀን ሌላ ቦታ ብንደፋው ለሌላ ሰው ልጅ ማሻገር ነው። ስለዚህ በንጹሕ አፈር ሸፍነን፣ ሳር ተክለን እንድናጥረው ለእድራችን አቀረብኩ፤ በየቤቱ አምስት መቶ ብር ይደርሳል። "ማን ታመመ?" አለ አንዱ። የአንድ ልጅ ስም መጥራት አልቻልኩም። በዚያው ስብሰባ ለለቅሶ ድንኳን በየቤቱ ስድስት መቶ ብር ያለ ክርክር ጸደቀ።

ቆሼን አስታወስኳቸው። የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ለአሥርት ዓመታት በሰው ፊት አድጎ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አገር ሦስት ቀን አዘነ፣ ገንዘብም ተዋጣ፤ ለሞቱት።

የእድሩ ዳኛ ግን፣ "መምህር፣ እርስዎስ ስንት ያወጣሉ?" አሉኝ። አምና የልጅ ልጄ በወባ ሆስፒታል ስትገባ ወይፈኔን ስሸጥ ዋጋ አልተከራከርኩም። ለዚህ አፈር ግን ከአንድ ሺህ ብር በላይ ማለት እኔንም ከበደኝ። አፈርኩ፤ አልደበቅሁም፣ ነገርኳቸው።

እስካሁን ከአርባ ሁለቱ ቤት የከፈለው አሥራ ዘጠኝ ነው። በእሱ የተገዛው አፈር የቦታውን ግማሽ ሸፍኗል። ልጆቹ ሌላው ግማሽ ላይ እንዳይገቡ እኛ ሽማግሌዎች በተራ እንጠብቃለን። ባለቤቴ ማንንም ሳታማክር፣ ከቤቱ በወዲያኛው በኩል አዲስ የቆጮ ጉድጓድ አስቆፍራለች።