አሮጌ ካሜራና የማይታየው ብርሃን

ሰው «በዓይኔ ያየሁት ነው» ብሎ ሲምል፥ ዓይኑ ሁሉን ያየ ይመስለዋል። ነገር ግን አንባቢዎቼ ሆይ፥ ዓይናችን ከብርሃን የሚያየው ጥቂቱን ክፍል ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ የቴሌቪዥናችሁን ሪሞት አንሡና ጫፉን ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። በዓይናችሁ ምንም አይታያችሁም። በብዙ ስልኮች ላይ ግን፥ ይልቁንም በፊት ለፊቱ ካሜራ፥ አንዲት ትንሽ ብርሃን ብልጭ ድርግም ስትል ታያላችሁ። እኔን የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ ያስወጣችኝ ይህች ብርሃን ናት። ገንዘቡ እንዴት እንደ ወጣና ምን እንዳስተማረኝ ላጫውታችሁ።

የዚህ ብርሃን ስም ኢንፍራሬድ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ታሕተ ቀይ የሚሉትም አሉ። የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ዓ.ም. ነው። ዊልያም ኸርሸል የተባለው የከዋክብት ሊቅ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም አሳልፎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ ቀለም ወዲያ፥ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉ ይልቅ ሞቆ አገኘው። ከዚያም በ1910 ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በዚሁ ብርሃን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አሳተመ። በፎቶግራፎቹ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ፥ ዛፎቹ በረዶ የወረደባቸው መስለው ታዩ። ምክንያቱም ቅጠል ለምግቡ የሚወስደው በተለይ ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ሲሆን፥ ታሕተ ቀዩን ግን የውስጥ ሕዋሳቱ መልሰው ይበትኑታል።

እኔ ይህን ነገር ያወቅሁት በሥራዬ ላይ ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ቀን የሳተላይት ምስሎችን አሳትሜ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ጫካው ሁሉ ደም መስሎ ቀልቶ ባየሁ ጊዜ ማተሚያው የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ሳቀና፥ «ቀዩ እኮ ታሕተ ቀዩን እንዲወክል የተደረገ ነው፤ ደኅና ቅጠል ያለበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ይታያል» አለኝ። የመጀመሪያይቱ ላንድሳት በ1972 ከመጠቀች ጀምሮ የደንና የሰብል ባለሙያዎች በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ብርሃን በራሴ ካሜራ ለመያዝ ምኞት አደረብኝ።

የዲጂታል ካሜራ ዓይን ከሲሊኮን የተሠራ ሴንሰር ነው። የእኛ ዓይን 700 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ማየቱን ያቆማል፤ ሲሊኮን ግን እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ያያል። ፋብሪካው የፎቶግራፉ ቀለም እንዳይበላሽ ብሎ፥ ይህን ትርፍ ብርሃን የሚያግድ ስስ መስተዋት በሴንሰሩ ፊት ይገጥማል። ስለዚህ ካሜራው ማየት ይችላል፤ ዓይኑ ግን ተሸፍኖበታል። ካሜራን ለታሕተ ቀይ ማስቀየር ማለት ይህን መስተዋት አስወጥቶ፥ በምትኩ የሚታየውን ብርሃን አግዶ የማይታየውን የሚያሳልፍ ሌላ መስተዋት ማስገጠም ነው።

ካሜራውን ሳይከፍቱ በሌንሱ አፍ ላይ ጥቁር ፊልተር ማሰርም ይቻላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መስተዋቶች እርስ በርስ ስለሚቃረኑ አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብዙ ጊዜ በርካታ ሰከንድ ይፈጃል። በማያውም በኩል ጨለማ እንጂ ሌላ አይታይም። ዛፍ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ሰውም ዓይኑን ሳያርገበግብ አይቆይም።

በቤታችን አንድ ካሜራ ነበረ። አባቴ፥ ነፍሱን ይማረውና፥ በትርፍ ሰዓቱ ሠርግና ክርስትና ያነሣ ነበር። ሲሞት የተወልን ካሜራ በ2004 ለገበያ የወጣው ኒኮን ዲ70 ነው። ይህ ዓይነት ካሜራ ደግሞ የታሕተ ቀዩ ማገጃ መስተዋቱ ደካማ ስለ ሆነ በዚህ ሥራ ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው። እኔም «ታዲያ ምን እጠብቃለሁ?» አልሁና ካሜራውን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ አንድ ወጣት ጠጋኝ ሄድሁ።

ጠጋኙ ካሜራውን አገላብጦ ካየው በኋላ፥ «ወንድሜ፥ ከተቀየረ በኋላ ሰውን እንደ ቀድሞው አያነሣም። ፊት ይነጣል፥ የልብስ ቀለም ይጠፋል። አሮጌውን መስተዋት መልሶ መግጠም ይሞከራል፤ እንደ ነበረ ለመሆኑ ግን ዋስ አልሆንህም። ልክፈተው?» አለኝ። እኔም በአባቴ ጣት የተላጠውን ቁልፍ አየሁና መልስ አጣሁ። ካሜራውን መልሼ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ሌላ አሮጌ ካሜራ ለመግዛት የቆረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንባቢዎቼ፥ «ለምን አሮጌ?» ትሉ ይሆናል። አዲስ ካሜራ ውድ ነው፤ በተከፈተም ጊዜ የፋብሪካው ዋስትና ይቀራል። አሮጌው ግን ዋስትናው ቀድሞም ያለቀ ነው፤ ቢበላሽም ጉዳቱ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ደግሞ የፒክሰል ብዛት ያን ያህል አያስፈልግም። 12 ሚሊዮን ፒክሰል ያለው ካሜራ 36 በ24 ሳንቲሜትር የሆነ ጥሩ ፎቶግራፍ ያሳትማል፤ ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል የምንሰቅልበት ግድግዳ ያለን ስንቶቻችን ነን?

ይሁን እንጂ የርካሽ ነገር ጉጉት ዓይን ያሳውራል። የመጀመሪያውን ካሜራ የገዛሁት የግማሽ ወር ደመወዜን ከፍዬ ነው። ሻጩ መስኮቱን አበራልኝ፥ መዝጊያውን ጧ ጧ አደረገልኝ። «ፎቶግራፍ አንሥተን እንየው» ብለው፥ «የዚህ ካርድ ሰፊው ዓይነት ነው፤ ዛሬ በእጄ የለኝም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ከቤቴ ደርሼ የአባቴን ካርድ ባስገባበት፥ ያነሣሁት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በመስመር የተተለተለ ሆነ፤ ሴንሰሩ ሞቷል። በማግሥቱ ብሄድ ሰውየው «ስሰጥህ ደኅና ነበር» አለኝ፤ ምስክርም አልነበረኝም። ከሁሉ ይልቅ የቆጨኝ ካርዱ በገዛ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ መኖሩ ነው።

ሁለተኛውን ስገዛ ግን ብልህ ሆኜ ሄድሁ። እናንተም እንዲህ ታደርጉ ዘንድ የተማርሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፥ የተሞላ ባትሪና ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን በክዳኑ ሸፍናችሁ አንድ ፎቶግራፍ፥ ወደ ነጭ ግድግዳ አዙራችሁ ሁለተኛ አንሡ። በጥቁሩ ላይ የሞቱ ነጥቦችና መስመሮች፥ በነጩ ላይ ደግሞ እድፍና ሻጋታ ይታያሉ። ሁለተኛ፥ መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ጠይቁ፤ ፎቶግራፉ በፋይሉ ውስጥ ቁጥሩን ይዞ የሚገኝባቸው ካሜራዎች አሉ። እኔ የገዛሁት ኒኮን ዲ90 መዝጊያው ለ100,000 ጊዜ የተፈተነ ነው፤ ያገኘሁት ግን ገና ሲሶውን አልጨረሰም ነበር።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር፥ በመስኮቱ ላይ በቀጥታ እያዩ ማንሣት የሚያስችል ካሜራ ምረጡ። እንዲህ ያለው ካሜራ ሌንሱን የሚያስተካክለው በመስተዋቱ ሥር ባለ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ያ መሣሪያ የተለካው ለሚታየው ብርሃን ነው። ታሕተ ቀዩ ግን ጥርት ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ይለያል። ስለዚህ በማያው ጥርት ያለው ነገር በፎቶግራፉ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። በመስኮቱ ስናይ ግን የሚያየው ራሱ ሴንሰሩ ስለ ሆነ ስሕተቱ ይቀራል። ዲ70 ይህ የለውም፤ በ2008 የወጣው ዲ90 ግን አለው። አራተኛ፥ ሌንሱንም ፈትኑ፤ አንዳንድ ሌንስ በዚህ ብርሃን በሥዕሉ መካከል ነጭ ክብ እድፍ ያሳያል።

አደራ የምላችሁ ደግሞ ካሜራውን ራሳችሁ በጠመንጃ መፍቻ እንዳትከፍቱ ነው። የፍላሹ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ካሜራው ከጠፋ በኋላም ወደ 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ለካሜራዬ ልክ የተቆረጠውን ባለ 720 ናኖሜትር መስተዋት በውጭ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ በሻንጣው አመጣልኝ። ጠጋኙም ትቢያ እንዳይገባበት መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ገጠመው። በሚቀጥለው እሑድ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ለዓይን ባሕር ዛፉም ጽዱም አረንጓዴ ናቸው። በካሜራዬ ግን በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ እንደ ጥጥ ሲነጣ፥ የአገሩ ጽድ ከመካከሉ ጠቆር ብሎ ለብቻው ታየ። ጫካ ሲመነጠርና ሲተካ የኖረበትን ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ ያነበብሁ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያላሰብሁት ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተው ነበር። እናቴ ገና ከሐዘን ልብስዋ አልወጣችም። እኩለ ቀን ላይ፥ አባቴ በተከለው የኮክ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሳለች አነሣኋትና አሳየኋት። ዛፉ ነጭ ሆኗል፤ ፊቷ ፈክቶ ሽብሽባቱ ለዝቧል፤ ጥቁር ቀሚስዋም አመድማ ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ብዙ የልብስ ጥቁር ቀለም የሚታየውን ብርሃን እንጂ ታሕተ ቀዩን አይውጥምና።

እናቴ ረዥም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያም፥ «ልጄ፥ ሐዘኔን ማን አወለቀው?» አለችኝ።

ስለ ቀለሙና ስለ ብርሃኑ የማውቀውን ሁሉ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ፥ «ይሁን፤ ይህም ደስ ይላል። ነገር ግን አሁን በአባትህ ካሜራ አንሣኝ። ለእሱ የለበስሁት ጥቁር እንደ ጥቁርነቱ ይታይልኝ» አለች።

እኔም ሮጬ አመጣሁት። ባትሪው አርጅቶ ሞቶ ነበር፤ ደግነቱ የዲ90ው ባትሪ በዲ70ውም ይሠራልና አወጣሁና አስገባሁት። በዚያው ዛፍ ሥር፥ በዚያው ልብስ፥ በአባቴ ካሜራ አነሣኋት። ያን ጊዜ ጠጋኙ «ልክፈተው?» ባለኝ ሰዓት «እሺ» ብዬ ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ፎቶግራፍ በዚያ ካሜራ ለማግኘት ባልቻልሁ።

ዛሬ ሁለቱ ሥዕሎች በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ «የቱ ነው እውነተኛው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናቴም «ሁለቱም» ትላለች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ አሮጌ ካሜራ ገዝታችሁ የማይታየውን ለማየት ብትነሡ እኔ አልከለክላችሁም፤ ደስታው ትልቅ ነው። ነገር ግን ካርዳችሁን ሳትይዙ አትግዙ። ሌላ ዓይን ለመትከል ስትሉም፥ በቤታችሁ ያለውንና የማይተካውን ዓይን አታውጡ።