ጣናን ያሳዩን አባት

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓባይ የሚወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደግሞ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ይህን በትምህርት ቤት ተምረን ነበር። ሐይቁን በዓይናችን ያሳዩን ግን አንድ አባት ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለፈው ክረምት ቤተሰባቸውን ልንጠይቅ ሄደን ነበርና ያየነውንና የሰማነውን እናጫውታችሁ።

ከባሕር ዳር ተነስተን በጎንደር መንገድ ሄድን። ጉማራ ድልድይ ላይ ከመኪና ወረድን። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የእግር ነው። ግራና ቀኙ የፎገራ ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሩዝ ያርማል። ጭቃው እግር ይይዛል። ቀስ እያልን፣ ወንዙን ተከትለን ወደ ሐይቁ ወረድን።

የእኒያ አባት ሥራ ሰውን ዓሣ ወዳለበት መምራት ነበር። መንጠቆ ይዞ የመጣውን እንግዳ በታንኳ ይወስዱታል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር ይበቅላል። ታጭዶ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። አባባ ታንኳቸውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ልጆቻቸው ደንገል ያቀብላሉ፤ ባለቤታቸው እዚያው ዳር ቡና ያፈላሉ።

መጀመሪያ የወሰዱን ጎሕ ሳይቀድ ነው። እየቀዘፉ ያስተምሩን ነበር።

“ቆሮሶ ከዳር አይርቅም፤ ሣር ይወዳል። አምባዛ ጭቃ ይወዳል። ነጭ ዓሣ ግን መንገደኛ ነው” አሉን።

ማታ ቤት መግባት አይወዱም ነበር። “ጣራ ያፍነኛል” ይላሉ። ዓሣውን ሜዳ ላይ በፍም ይጠብሳሉ። አጥንቱን በጣታቸው ለቅመው መጀመሪያ የሚያጎርሱት ትንሿን ልጃቸውን ነው። እርሳቸው የሚበሉት ሁሉም ከጠገበ በኋላ ነው።

“ነጭ ዓሣ መንገደኛ ነው” ያሉት ለምንድን ነው? ነጭ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ዕንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት ወራጅ ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም የወንዙ አፍ በዓሣ ይሞላል። ያን ጊዜ እዚያ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ይይዛል። የሚይዘው ግን ዕንቁላል የተሸከመችውን እናት ነው። ለዘር የተቀመጠን እህል እንደ መብላት ማለት ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ወደ ጣና መጡ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ዓሣ በጣም ቀንሷል። ከ10 የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ደግሞ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ መውጣት አይችልም። የጠፋው አይተካም።

አንድ ነሐሴ ትልቁ ልጃቸው በጉማራ አፍ መረብ ጣለ። ሊያገባ ነበርና ገንዘብ ቸግሮታል። አባትየው ሌሊት ሄደው መረቡን አወጡት። እኛም አብረናቸው ነበርን። ዓሦቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ለቀቋቸው።

ልጁ ጠዋት ሲሰማ፣ “ጎረቤቱ ሁሉ እየጣለ እኔ ብቻ ልጣ?” አላቸው።

አባባ መልስ አልነበራቸውም። ለሠርጉ ላማቸውን ሸጡ። ልጁ ግን ሁለት ክረምት ሙሉ አላናገራቸውም።

በኋላ ዓይናቸው ደከመ። መቅዘፊያውን ለዚሁ ልጅ ሰጥተው ከሥራ አረፉ። ቀኑን ግን ከሐይቁ ዳር አይጠፉም ነበር። ዋርካ ሥር ተቀምጠው ለልጅ ልጃቸው ይናገራሉ፤ እርሷ በደብተር ትጽፋለች። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም ነበር።

ባለፈው ክረምት ስንሄድ ልጅቷ ደብተሩን አምጥታ አነበበችልን። የዓሣው ስም፣ የወሩ ስም፣ የቦታው ስም በተራ ተጽፏል። አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

“ነሐሴ። የጉማራ አፍ። መረብ አይጣልም። በዚህ ልጄን አስቀይሜዋለሁ። አሁንም አይጣልም።”

አባቷ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

“እስቲ ድገሚው” አላት።

ደገመችው። እርሱም ምንም ሳይናገር ወጣ። ቆይቶ ተመለሰና በታንኳው ወደ ወንዙ አፍ ወሰደን። የሰው መረብ ተጥሎ አየን። የእርሱ መረብ ቤት ተሰቅሏል።

“እኔ ትቻለሁ። ለሌላው ማን ይንገረው?” አለን።

እንግዲህ ይህንን የጻፍነው ስለዚህ ነው። በእናንተም አገር ወንዙን፣ ደኑን፣ ዘሩን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች አሉ። ዕውቀታቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ብዕር መያዝ ችላችኋልና የሚሏችሁን ጻፉት። ከዚያም ለጎረቤት አንብቡለት።