የ13 ሰዓት መንገድ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ሰው አለ። ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሳፈረው ሐበሻ ሁሉ «እስከ ቦሌ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይለዋል፤ እሱም መልሱን በቃሉ ያውቀዋል። በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ በቀጥታ ሲሄድ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል። ሲመለስ ግን እንደ ደብሊን ወይም እንደ ሎሜ ባለ ከተማ ማረፍ የተለመደ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብዳል። ነፋሱም ከፊት ይመጣል።

ባለፈው ጥር አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት እናት ጭኖ ደለስ አደረሳቸው። ሻንጣቸውን አውርዶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ቦሌ ነዎት» ብሎ ሸኛቸው። እሳቸውም መርቀውት ገቡ።

የገዛ እናቱ ግን የዚያኑ ዕለት በአዲስ አበባ ቀን 6 ሰዓት ላይ አርፈው ነበር። በብርድ ወራት የ8 ሰዓት ልዩነት ስላለ በዋሽንግተን ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። ስልኩ የተደወለው ለጓደኛው ነው። ጓደኛውም ሽማግሌዎች አማክሮ ቅዳሜ ንጋት ላይ እንዲረዳ ተወሰነ። ቀብሩ ዓርብ በ9 ሰዓት ተፈጸመ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከደጅ የቆመውን ሰው ብዛት ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው።

ለቅሶው በረድ ሲል መቁጠር ጀመረ። አውሮፕላኑ የተነሣው ሐሙስ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ፓስፖርቱና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ለቲኬት የምትሆን ገንዘብም አልጠፋችም። በዚያው አውሮፕላን ወንበር ቢገኝ ኖሮ ከቀብሩ 7 ሰዓት ቀድሞ ቦሌ ይወርድ ነበር። እናቱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠሩት «ቀባሪዬ» ነበር የሚሉት።

ጓደኛውን ጠየቀው። «መሪ ይዘህ እያለ እንዴት እንንገርህ? 13 ሰዓት ሙሉ ብቻህን እያለቀስክ እንዴት ትብረር?» አለው።

«እያለቀስኩም ቢሆን እደርስ ነበር» አለ።

ጓደኛው ክፉ አላሰበም። መርዶን በንጋት፣ በሰው መሐል መንገር ከአባቶች የመጣ ደግ ልማድ ነው። ያኔ አገር የሚቋረጠው በእግርና በበቅሎ ስለነበር፣ ሰው ዛሬ ሰማ ነገ ሰማ ለቀብር አይደርስም። ዛሬ ግን አንድ ጠዋት መዘግየት ቀብር ያሳልፋል።

ሰውየው ለአርባው ሄዶ መቃብሯ ላይ አልቅሶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በዕድሩ ስብሰባ ተነሥቶ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ እያንዳንዱ አባል መርዶ ሲመጣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይነገረው ወይስ በወጉ ይጠበቅለት፣ ከሐዘንተኛው ጋርስ ማን ይሳፈር የሚለውን በጤናው ጊዜ ያስመዝግብ አለ። አንዳንዱ «ሟርት ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ አብዛኛው ግን ተመዘገበ። ጓደኛውም ተመዝግቧል፤ «ወዲያው ንገሩኝ» ብሎ።

አሁንም ተሳፋሪው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቀዋል። «13 ሰዓት» ይላል፤ «ግን በጊዜው ለነገሩት ሰው ነው።»