መጣ ወይስ መጥቷል?

ተማሪዎችም ሆናችሁ በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ አንባቢዎቼ፣ ለመሆኑ «ፋይሉ ጠፋ» በማለትና «ፋይሉ ጠፍቷል» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት አስባችሁት ታውቃላችሁን? ጠፋ የተባለው ፋይል ኋላ ከመደርደሪያው ሥር ተገኝቶ ሊሆን ይችላል። ጠፍቷል የተባለው ግን አሁንም የለም፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» መባሉ ነው። ይህችን ልዩነት የገጠር ሕፃን እንኳ ማንም ሳያስተምረው ያውቃታል። ችግሩ የሚመጣው ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገር የተባለ ዕለት ነው።

እኔ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ገጠር፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። («ሆኖኛል» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ዛሬም እዚያው ነኝና።) ተማሪዎቼ ግማሹን ቀን ከብት ጠብቀው ግማሹን ቀን የሚማሩ፣ የበቆሎውን ማሳ በእግራቸው አቋርጠው የሚመጡ ናቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ድጋፍ አላቸው፤ ዘጠነኛ ሲገቡ ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚባለውን ነገር ሳይገባው ያለፈ ልጅ፣ ኋላ የሚከፍለው ዕዳ የሰዋስው ብቻ አይደለም።

መጽሐፉ ትምህርቱን የሚጀምረው በሰንጠረዥ ነው፤ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» አድርግ፣ የግሡን ሦስተኛ መልክ ጨምር ይላል። ልጁ ግን «ሃቭ» ማለት «አለኝ» ማለት እንደ ሆነ ቀደም ብሎ ተምሯል፤ «አይ ሃቭ ኤ ካው» ላም አለኝ ነው። እንግዲህ «አይ ሃቭ ኢትን» ሲባል «የተበላ ነገር አለኝ» ማለት ይሆን እንዴ ብሎ ግራ ቢጋባ ማን ይፈርድበታል?

እኔ የምጀምረው ከአማርኛው ነው። «በልቷል» ብዬ በሰሌዳው ላይ እጽፍና ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ «በልቶ» እና «አለ»። ጎጃም የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ፣ የቅኔ አገር ነው፤ መምህራኑም «በልቶ» የሚለውን ዓይነት ቃል ቦዝ አንቀጽ ይሉታል፤ ብቻውን ነገር ማሰር አይችልምና ነው። አንድ ሰው «በልቶ» ብሎ ዝም ቢል ሰሚው «በልቶስ?» ይለዋል። ማሰሪያ የሚሆነው «አለ» ነው። ስለዚህ «ላም አለኝ» ውስጥ ያለው «አለ» እና «በልቷል» ውስጥ የተደበቀው «አለ» አንድ ናቸው። እንግሊዞችም በበኩላቸው ሀብታቸውን የሚናገሩበትን «ሃቭ» ለዚሁ ሥራ አውለውታል። በባሕርና በበረሃ የተለያዩ ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ እንዲህ መቀራረባቸው እስካሁን ይገርመኛል። ልጆቹም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል፤ ባዕድ የመሰላቸው ነገር በጓዳቸው ኖሮ!

ሦስተኛውን የግሥ መልክ ግን የቅኔ ተማሪ ግሥ እንደሚያጠና በዜማ እናወርደዋለን፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»፤ «ኢት፣ ኤት፣ ኢትን»። እንዲህ ያለውን ማነብነብ የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልነቅፍም። «ብሪንግ» ለምን «ብሮት» እንደሚሆን ለሕፃን ማስረዳት አይቻልም፤ መያዝ ብቻ ነው። ትርጉሙን በጩኸት አስይዛለሁ የሚለውን ግን አልከተለውም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ያው አማርኛችን ወጥመድ ይሆናል። «ርቦኛል» «ደክሞኛል» እንል የለምን? አንድ ልጅ ይህን በቀጥታ ወስዶ «አይ ሃቭ ታየርድ» አለኝ፤ በአማርኛው ሕግ ልክ ነው፣ በእንግሊዝኛው ግን «አይ አም» ሊል ይገባው ነበር። «ተኝቷል»፣ «ተቀምጧል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ እኛ ድርጊቱን ተናግረን ያለበትን ሁኔታ እናስረዳለን፣ እንግሊዙ ግን በቀጥታ ሁኔታውን ይናገራል። ደግሞም እናቱ ስትጠራው ገና ከወንዙ ማዶ ሆኖ «መጣሁ!» የሚለውን ልጅ አስቡት። አልመጣም እኮ!

ለጸሐፊ ወንድሞቼና እኅቶቼ የሚጠቅመው የቀን ነገር ነው። በአማርኛ «ደብዳቤው ትናንት ደርሶናል» ብንል የሚነቅፈን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ከገባ «ሃቭ» ይወጣል፤ ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ለክፍሉ የምነግረው፣ ያለፈውን ቀን ስሙን ከጠራኸው ነገሩ እዚያው ቀን ላይ ይቀራል ብዬ ነው።

ሁሉንም የሚያስቸግረው አሉታው ነው። «መጣ» እና «መጥቷል» በአማርኛ ሁለት ናቸው፤ ሲፈርሱ ግን ሁለቱም «አልመጣም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛው በአሉታም ይለያቸዋል፤ «ዲድ ኖት ካም» ያለቀ ነገር ነው፣ «ሃዝ ኖት ካም» ገና የሚጠበቅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደ ነበር ታውቃላችሁ። የእኛም ተዘጋ። በተከፈተ ጊዜ የስም መጥሪያውን ይዤ ስጠራ ብዙ ቦታ ዝምታ ሆነ። የአንዱን ልጅ ስም ስጠራ ጎረቤቱ ተነሥቶ፣ እንግሊዝኛውን እንዳልረሳ ሊያሳየኝ ፈልጎ፣ «ሂ ዲድ ኖት ካም» አለ።

«ይመጣል ብለህ ትጠብቀዋለህን?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ፤ «አዎ፣ ጋሼ»።

«እንግዲያስ እንዴት ትላለህ?»

እሱ ሲያመነታ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ሂ ሃዝ ኖት ካም የት» አለች። «የት» የሚለውን ቃል መች እንዳስተማርኋቸው አላስታውስም። ሰሌዳው ላይ ጻፍሁትና ከጎኑ «ገና» ብዬ በአማርኛ ጨመርሁበት፤ ከዚያም ቀጣዩን ስም ጠራሁ።