ሌላ እጅ የጀመረው

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን የሚያዘወትር ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ኩዊልት የሚሉት የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ አልቆ እንደሚሸጠው ሁሉ፣ ተጀምሮ የቀረውም ይሸጣል። ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆነዋል፤ አራት ማዕዘኖቹ ግን እርስ በርስ ሳይያያዙ በብስኩት ቆርቆሮ ወይም በአሮጌ የትራስ ልብስ ታጭቀው ተቀምጠዋል። ለምን እንደቀሩ መገመት አያስቸግርም። ቁራጭን ከቁራጭ መስፋት ጭን ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ልጅ እያስተኙም፣ ወጥ እየጠበቁም ይሆናል። መጨረሱ ግን ወጪም ቦታም ይጠይቃል። ገበር ይገዛል፣ ከመሀል የሚገባ ባዘቶ ጥጥ ይገዛል፣ ሦስቱን ንብርብር ወጥሮ የሚይዝ የአልጋ ያህል የእንጨት መወጠሪያ ይተከላል። ያ ሁሉ እስኪሟላ ዓይን ይደክማል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ሞትም ይቀድማል።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ፍሬድሪክ ከተማ ያገኘኋቸው ሃያ ነበሩ። ድሬስደን ፕሌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስሙን ያገኘው ከጀርመኗ ድሬስደን ጋር ከሚያያዙት ባለ አበባ የሸክላ ሳህኖች ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሃያ ረዣዥም ቅጠሎች ጎን ለጎን ተሰፍተው ክብ ይሠራሉ፤ ክቡ ባልነጣ ጨርቅ ላይ ተለጥፎ ጠርዙ በጥቁር ክር ተዘምዝሟል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአሜሪካ ሴቶች ይህን ንድፍ በጣም ይወዱት ነበር። ጋዜጦችም የኩዊልት ንድፍ ያትሙ ነበር፤ ካንሳስ ሲቲ ስታር የተባለው ጋዜጣ ከ1928 እስከ 1961 ድረስ ለአንባቢዎቹ ንድፍ ሲያቀርብ ኖሯል። የእኔዎቹን የሰፋቻቸው ሴት ማን እንደሆነች ሻጩ አያውቅም። ቆርቆሮውም ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ከሃያዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ቅጠል ተተልትሎ ስለነበር በሌላ ለመተካት ስፌቱን ፈታሁት። እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ጨርቅ ወይን ጠጅነቱ ገና እንደ አዲስ ነው፤ ፊት ለፊት የሚታየው ግን ወደ ግራጫ ሄዷል። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተሰመረው መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከካርቶን ወይም ከወረቀት ቆርጣ ባዘጋጀችው ቅርጽ ዙሪያ ያሰመረችው ይመስለኛል። መርፌዋ መስመሩን ጥቂት ይከተልና ፈቀቅ ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል። በጠርዙ በኩል ሌላ ነገር አየሁ፦ ከልብስ መርፌ የሚበልጡ፣ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ቀዳዳዎች። የከረጢት ስፌት የነበረበት ቦታ ነው። ይህ ቅጠል ቀድሞ የዱቄት ወይም የዶሮ መኖ ከረጢት ነበረ ማለት ነው።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ዱቄትና መኖ በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ነበር። ባለ ፋብሪካዎቹ ሴቶቹ ከረጢቱን ፈትተው ቀሚስና የልጅ ልብስ እንደሚሰፉበት ሲያውቁ ከረጢቱን አበባ አበባ አድርገው ማተም ጀመሩ፤ የድርጅቱን ስም ደግሞ በሚላጥ ወረቀት ወይም በውኃ በሚለቅ ቀለም ያደርጉት ነበር። 100 ፓውንድ የሚይዘው ከረጢት ሲፈታ ወደ አንድ ሜትር ካሬ ገደማ ጨርቅ ይወጣዋል። ባል ገበያ ሲሄድ ሚስቱ የጨርቁን ናሙና አስይዛ፣ ለቀሚሷ የጎደለው ይሙላልኝ ብላ ትልከው ነበር።

ክቡ የተለጠፈበት ያልነጣ ጨርቅ ደግሞ ለእኔ ባዕድ አልነበረም። አቡጀዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አሜሪካ ወደ እኛ አገር ከምትልካቸው ሸቀጦች ዋናው ይኸው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ነበር። ለአንሶላም፣ ለኮርኒስም፣ ለከፈንም የሆነው አቡጀዲ ማለት ነው። ስለዚህ ገበሩን ለመምረጥ አልተቸገርኩም።

ያስቸገረኝ የሴትዮዋ ስፌት ነው። ቅጠሎቹን ስታያይዝ ለስፌት የተወችው ዳር አንዱ ጋ ሰፋ፣ አንዱ ጋ ጠበብ ይላል። በአንዱ ስፌት ላይ ከእያንዳንዱ ቅጠል አንድ ሚሊ ሜትር ቢጎድል፣ በሃያው ሲደመር ከክቡ ዙሪያ አራት ሴንቲ ሜትር ይጠፋል። የእሷም ሳህኖች ዝርግ ብለው አይተኙም፤ የአንዳንዱ መሀል እንደ ቆብ ይነሳል፣ የአንዳንዱ ጠርዝ ይጠቀለላል። አራት ማዕዘኖቹም እኩል አይደሉም፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ከሁለት ጣት በላይ ልዩነት አለ። እኔ ደግሞ እጄ ጥንቅቅ ያለ ነው። ጎባጣ ስፌት ሳይ እረፍት የለኝም። ሁሉንም ፈትቼ በገዛ ልኬ እንደ አዲስ ልሰፋቸው መቀሱን አንስቼ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበው የሚሰፉ ሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቆርቆሮዬን ይዤ ሄድኩና ካሉት ሁሉ የምትበልጠውን ጠየቅኳት። እያንዳንዱን ሳህን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ያበጠውን ተጫን አደረገችና ለቀቀችው። ከዚያ ይህ ትርፍ አያሳስብሽ፣ ጥጡ ከሥር ሲገባና ሦስቱ ንብርብር አብሮ ሲጠቀም ስፌቱ ይበላዋል አለችኝ። ልዩነቱንም በመቁረጥ እንዳልፈታው ነገረችኝ። በትንሹ ልክ ከቆረጥሽ የትልልቆቹን ቅጠል ጫፍ ትበያለሽ፤ ይልቅ በእያንዳንዱ ዙሪያ ሰፊ ጥብጣብ ስፊና ጥብጣቡን ቁረጭው፣ ያኔ የእሷ ሥራ ሳይነካ ሁሉም እኩል ይሆናል። ብትፈቺው ግን፣ አለችኝ፣ የእሷን ኩዊልት መጨረስሽ ቀርቶ ከእሷ ጨርቅ የራስሽን መጀመርሽ ነው።

ይህን ስትለኝ ፊቴ ጋለ። የምናዘዘውም እዚህ ላይ ነው።

እናቴ ነጭ የኪሮሽ የአልጋ ልብስ ጀምራ ነበር። አበባ አበባውን ለየብቻ እየሠራች በፌስታል ታጠራቅማለች፤ ለቅሶ ቤትም ይዛው ትሄዳለች፣ ታክሲ ውስጥም ትሠራለች። ሳትገጣጥመው አረፈች። እኔ እዚህ አሜሪካ ነበርኩ፤ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሯም አልደረስኩም። ከዓመት በኋላ አክስቴ አበባዎቹን አገጣጥማ፣ ዙሪያውን በጥልፍልፍ ጨርሳ ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ሰጠችው። ፎቶውን ስልክ ላይ ሳየው እንባዬ መጣ፤ የመጣው ግን ከንዴት ነው። ማን ንኪ አላት አልኩ። የእናቴን እጅ በእሷ እጅ ያበላሸችው መሰለኝ። ለእኔ ከነፌስታሉ ብታስቀምጥልኝ ምን ነበረበት? ይህን ለማንም ሳልናገር ለብዙ ዓመት ያዝኩት። አክስቴ ስትደውል በደንብ አወራታለሁ፤ ያ የአልጋ ልብስ ሲነሳ ግን ዝም እላለሁ። ሐዘን እንዲህ ነው፤ የሚቆጣበት ሰው ሲያጣ ቅርብ ያለውን ይይዛል።

መቀሱን አስቀመጥኩና ጥብጣቡን ሰፋሁ። ጨርቁ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ቀደም ብዬ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እየነካካሁ አይቼ ነበር፤ ደህና ነበር። ሃያውን አራት በአምስት አድርጌ አያያዝኩ። አቡጀዲውን ከሥር፣ ባዘቶውን ከመሀል፣ ሳህኖቹን ከላይ አንጥፌ እንዳይንሸራተት በረዣዥም ስፌት ሸለልኩት። ከዚያ ዋናው ሥራ መጣ፦ ሦስቱን ንብርብር በትንንሽ ስፌት መጥቀም። ሥራው ከመሀል ተነስቶ ወደ ዳር ይሄዳል፤ ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉን ሁሉ ወደ መሀል ገፍቶ ሲያበቃ መሀሉ ተጨማዶ ይቀርበታል። መርፌዋ አጭር ናት። ከላይ በመሀል ጣት የብረት ቆብ ትገፊያታለሽ፣ ከሥር በሌላው እጅ ጣት ጫፏን ትቀበያለሽ፤ ጫፏ ጣትሽን ሲነካሽ መልሰሽ ወደ ላይ ትልኪያታለሽ። ጎበዝ የሚባሉት በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ስፌት ያስገባሉ። ክሩ ጥጥ መሆን አለበት፤ ከአሮጌው ጨርቅ መጠንከር የለበትም። ጨርቁ ሲወጠር ክሩ ቢበጠስ ሌላ ክር ይገባል፣ ጨርቁ ቢተለተል ግን ያን አበባ ከየትም አታመጪውም።

የቤተ መጻሕፍቱ ሴት እንዳለችው ሆነ። በየቅጠሉ ዳር ስጠቅም እንደ ቆብ የተነሳው መሀል ጥጡ ውስጥ እየሰመጠ ተኛ። ግን ሌላ ነገር ደግሞ ታየኝ። የመጀመሪያዋ ሰፊ ጥቁር ዝምዘማ ሰፋ ያለና ላላ ያለ ነው፤ የእኔ ጥቅማት ጥብቅና ደቃቃ። ብርድ ልብሱን በእጁ የሚዳስስ ሰው ሁለት ሴቶች እንዳሉበት ያውቃል። መጀመሪያ ስፌቴን ለማስፋት ሞከርኩ፤ ከእጄ ጋር አልሄደም፤ የባሰ ተወለጋገደ። የእጅ ጥብቀት እንደ ፊደል አጣጣል ነው፤ እንደፈለጉ አይለውጡትም።

በዚህ መሀል ነው ለአክስቴ የደወልኩት። ሰላምታችን አልቆ ስለ ዘመድ ሁሉ ተጠያይቀን ስናበቃ፣ "እትዬ፣ ያን የእናቴን የአልጋ ልብስ እንዴት አድርገሽ ነው ያገጣጠምሽው?" አልኳት። ለዓመታት ሸሽቼው የኖርኩትን ጥያቄ። ትንሽ ዝም አለች። "ውይ ልጄ፣ ምን ነካሽ ዛሬ?" አለችና ከዚያ ግን እንደ ጎርፍ ወረደች። የእናቴ እጅ ላላ ይላል፣ የእሷ ይጠብቃል። በእናቴ ኪሮሽ ስትሠራው መገጣጠሚያው እየጠበቀ አበባዎቹን ሰበሰባቸው። ፈታችው። ከዚያ መርካቶ ሄዳ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ኪሮሽ ገዛች፤ በእሱ ስትሠራ ላላላት። ክሩንም አንድ ዓይነት ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ ዞራ፣ ነጩ ነጭ አልገጥም ሲላት የእናቴን አበባ አንዱን ይዛ እያስተያየች ነው የገዛችው። "አንድ አበባ ጎዶሎ ነበረው፣" አለችኝ፣ "ግማሽ ላይ የተወችው። እሱን አልጨረስኩትም። ከጥግ አድርጌ ከነጎዶሎው አስገባሁት።"

እኔ ያቺን ጥግ በፎቶ አይቻት ነበር። የአክስቴ ቸልተኝነት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሥራ የማንን ስም ሊይዝ እንደሚገባ ማሰብ አልተውኩም። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎው የዓለም ትርዒት ጊዜ ሲርስ የተባለው መደብር ባዘጋጀው የኩዊልት ውድድር ከ24,000 በላይ ኩዊልቶች ቀርበው ነበር። አንደኛ የወጣውን ያስመዘገበችው የኬንታኪ ሴት አንድም መርፌ አልነካችበትም፤ የሰፉትና የጠቀሙት በክፍያ የሠሩላት ሴቶች ናቸው። ከሽልማቱም ከክብሩም አልደረሳቸውም፤ እነሱም ዝም ብለው ኖሩ፤ እውነቱ አደባባይ የወጣው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በሌላ በኩል ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ አለች። በ1886 አካባቢ የሠራችውና አዳምና ሔዋንን፣ ቃየልና አቤልን፣ የጌታን የመጨረሻ እራት በጨርቅ ልጥፍ የሣለችበት ኩዊልት ዛሬ ዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ይገኛል። ችግር ጠንቶባት በ5 ዶላር ስትሸጠው፣ የገዛችው የሥዕል መምህርት የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም ከራሷ አፍ ሰምታ ጻፈች። የሃሪየትን ስም ዛሬ የምናውቀው በዚያ ወረቀት ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ለእኔዋ ሴት አልተጻፈም፤ እኔ ደግሞ ልፈጥርላት አልችልም። የምችለው የእሷ የሆነውን የእኔ ነው አለማለት ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን ቀምቅሜ ስጨርስ ከጀርባው በአንዱ ጥግ ላይ ቁራጭ አቡጀዲ ሰፋሁና በማይለቅ ቀለም በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩበት። ሳህኖቹን ስሟ ያልታወቀ ሴት በ1930ዎቹ እንደሰፋች፤ አንዱን ቅጠል እንደተካሁና የትኛው እንደሆነ፤ ጥብጣቡን፣ ገበሩንና ጥቅማቱን እኔ እንደሠራሁ፤ የተጠናቀቀበትን ዓመትና ቦታ። አንዳንድ የሚያውቁኝ ሰዎች ባትነኪው ይሻል ነበር፣ ያልተነካ ይበልጥ ዋጋ አለው ይሉኛል። ስለ ዋጋው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጥናት የሚፈለግ ብርቅ ሥራ ቢሆን እኔም አልነካውም ነበር። ይህ ግን ለአልጋ የተጀመረ ነው፤ አሁን አልጋ ላይ ነው፣ ልጄ ትተኛበታለች።

አክስቴንም በእናቴ የአልጋ ልብስ ጠርዝ ላይ፣ የሁለታችሁንም ስም በነጭ ክር ጥለፊበት ብዬ ለመንኳት። የአጎቴ ልጅም ተስማምታለች። "ነጭ በነጭ ላይ ማን ያነበዋል?" አለችኝ አክስቴ። ባይነበብም ይኑር አልኳት። ስንት ቁጥር ክር እንደምትፈልግ ጠየቅኳትና ነገረችኝ፤ ለፋሲካ አገር ቤት ለሚገባ ሰው ገዝቼ ሰጥቻለሁ።