በዱቤ ደብተሩ ጀርባ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ 5.8 ተብሎ ተመዘገበ፤ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ። እኛ መተሐራዎች ግን ከመስከረም ጀምሮ የፈንታሌ ምድር ሲናጥብን ስለከረመ ልብሳችንን ሳናወልቅ ነበር የምንተኛው። በዋዜማው በዶፈን ተራራ በኩል መሬት ተቀድዶ እንፋሎት ሲተፋ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ሲዞር ዋለ። ባለሙያዎች ከሥር የቀለጠ አለት እየተንቀሳቀሰ ነው ይሉ ነበር። ልጄ «እሳቱ እኛ ጋ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከሱቄ ይዤ የወጣሁት የዱቤ ደብተሬን ነው። የስኳር ፋብሪካው የቀን ሠራተኞችና የከረዩ አርብቶ አደሮች የወሰዱት ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ውጭ ሸራ ላይ ስናድር በጀርባው የመንቀጥቀጡን ሰዓት መጻፍ ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ይረጋጋልኝ ነበር። «አራት ሰዓት፣ ጠንካራ፣ ውሾች ጮኹ» ከሚለው ሥር ደግሞ «የከረዩዋ እናት ለልጆቹ ወተት አመጣች» ብዬ ጻፍኩ። የዚያች ሴት ስም በደብተሩ ፊት ገጽ ከባለዕዳዎቼ መሀል አለ። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ስለ ሰው ሆነ።

ፍርሃቱን ባልጽፈውም አልረሳውም። ዛሬም ከባድ መኪና በመንገድ ሲያልፍ ብድግ እላለሁ። የሰዎቹ ደግነት ግን በማግስቱ ጭንቀት ይሸፈንብኝ ነበር፤ የሚበላው፣ የሚለበሰው፣ የልጆቹ ትምህርት። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ያለፍኩትን ማታ ቁጭ ብዬ ማን፣ ምን፣ የት ብዬ ስጽፈው ነው የተደረገልኝ ነገር መጠኑ የገባኝ።

በመጨረሻ መተሐራን ለቅቀን አዳማ መናኸሪያ ስንወርድ የምናውቀው ሰው አልነበረም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ልጆቹን አይቶ «እናቴ ቤት ክፍል አለ» አለና ደምበላ ወሰደን። እናቱ ከየት እንደመጣን እንኳ ሳይጠይቁ «ልጆቹን አስገቢ ልጄ፣ ወሬው ይደርሳል» አሉኝ። ሙስሊም ናቸው። ገና ሲደርስ ዶሮ ከነሕይወቱ ገዝተው፣ ከጎረቤት ክርስቲያን ልጅ ጠርተው አሳረዱልን፤ ድስቱንም ከዚያው ቤት ተዋሱልን። «በዓላችሁ እኔ ቤት አይጓደልም» ያሉትን በዚያው ሌሊት ቃል በቃል ጻፍኩት፤ በዱቤ ደብተር ዋጋ የሚሞላበትን መስመር ግን ባዶ ተውኩት። በኋላ ሳነብላቸው እማማ በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉና «እኔን ከስኳርና ከዘይት ጋር ትጽፊኛለሽ?» አሉ፤ ግን እንደገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ።

ስሙ ያልተሞላ አንድ ሰው ቀርቶኛል። የዚያን ቀን ከመተሐራ ወደ አዳማ ያመጣን ሚኒባስ ረዳት ነው። በራሱ ወንበር ላይ ልጆቼን አስቀምጦ ያን ሁሉ መንገድ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ስንወርድ የከፈልኩትን ሂሳብ መለሰልኝና «ለዳቦ ይሁናቸው» አለ፤ ስሙን ሳልጠይቀው ወደ ተሳፋሪ ጥሪው ተመለሰ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር። የመስመሩ ሰዎች የምታውቁት ካላችሁ ስሙን ንገሩኝ፤ ቦታውን ትቼለታለሁ።